የመሰንቆና የክራር አስተማሪዎቻችን ሥልጠና፦ በአካል ወይስ በኢንተርኔት?

(በማኅበራችን 10ኛ ዓመት በዓል ላይ ከቀረቡት ንግግሮች አንዱ። ለመጽሔቱ እንዲስማማ ጥቂት ቦታ ብቻ ታርሟል።)



 ኮሚቴው በዚህ መድረክ እንድናገር ሲጠይቀኝ፣ «ስለ ሙዚቃው ትምህርት የፈለግኸውን አንሣ፤ ብቻ አታስረዝም» ብሎኛል። የመጀመሪያውን እፈጽማለሁ፤ ሁለተኛውን እሞክራለሁ።

የማነሣው ጉዳይ አንድ ነው። በቅዳሜ ትምህርት ቤታችን ክራር፣ መሰንቆ፣ ዋሽንትና ከበሮ የሚያስተምሩልን ወንድሞችና እኅቶች እንዴት ይሠልጥኑ? ልጆቹ አላልሁም፤ አስተማሪዎቹ ነው ያልሁት። ልጅ ከመምህሩ የማያገኘውን ከየትም አያመጣውምና። እንደምታውቁት በሚመጣው ጠቅላላ ጉባኤ ላይ አንድ ሐሳብ ለድምፅ ይቀርባል። ይኸውም በየሐምሌው ለአስተማሪዎቻችን የምናደርገው የስምንት ቀን ሥልጠና ቀርቶ፣ ዓመቱን ሙሉ ከአዲስ አበባ በኢንተርኔት ይሠልጥኑ የሚል ነው። ምክንያቱ ገንዘብ ነው። የአሠልጣኝ የአውሮፕላን ትኬት አለ፤ የአዳራሽ ኪራይ አለ፤ ቪዛ ቢገኝም ባይገኝም የሚከፈል የማመልከቻ ገንዘብ አለ። ሐሳቡን ያቀረቡት ሰዎች ለትምህርት ቤቱ ከማንም ያላነሰ የሚቆረቆሩ ስለሆኑ፣ የምናገረው ሁሉ በእነርሱ ላይ እንደተሰነዘረ ተደርጎ እንዳይወሰድብኝ አደራ እላለሁ።

በመጀመሪያ የኢንተርኔቱን ውለታ መካድ አይገባም። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 ትምህርት ቤቶች በወረርሽኙ ምክንያት በተዘጉ ጊዜ፣ ከክራራችን ጋር ያገናኘን የነበረው የኮምፒዩተር መስኮት ብቻ ነበር። ከዚያም ወዲህ ቢሆን ጥቅሙ አልቀረም። ከአስተማሪዎቻችን አንዷ የሌሊት ፈረቃ የምትሠራ የሕሙማን ረዳት ናት። ዓርብ ሌሊቱን ስትሠራ አድራ፣ ቅዳሜ ጠዋት ልጆቻችንን ታስተምራለች። ለእርሷ በሳምንቱ መካከል ለአንድ ሰዓት ስብሰባ በቤልትዌዩ ላይ አርባ ደቂቃ ሂጂ፣ አርባ ደቂቃ ተመለሺ ማለት ግፍ ነው። ሌላው አስተማሪያችን ሁለት ሕፃናት አሉት፤ ባለቤቱም ማታ ትሠራለች። እነዚህ ሰዎች ልጆቻቸውን አስተኝተው፣ ሻያቸውን ይዘው፣ በቤታቸው ተቀምጠው መማር መቻላቸው ትልቅ ነገር ነው። በበረዶ ወራት ደግሞ ስለ መንገዱ ሁላችንም እናውቃለን፤ ባልናገረው ይሻላል።

እንግዲህ ጥያቄው ኢንተርኔት ይጠቅማል ወይስ አይጠቅምም አይደለም። ለየትኛው ትምህርት ይጠቅማል፣ ለየትኛውስ አይሆንም የሚለው ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሰው ሁሉ «ኢንተርኔታችን ደካማ ስለሆነ ነው፣ የተሻለ ብንገዛ ይስተካከላል» ሲል ስለምሰማ ነው።

ድምፅ በአየር ውስጥ በአንድ ሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል። ስለዚህ በዐሥር ሜትር ርቀት ላይ የቆመ ከበሮ መቺ ድምፁ የሚደርሰን ከ30 ሚሊ ሰከንድ ገደማ በኋላ ነው፤ ሚሊ ሰከንድ ማለት የሰከንድ አንድ ሺሕኛ ነው። ሁለት ተጫዋቾች በአንድነት ለመምታት የሚችሉት መዘግየቱ ከዚህ ብዙ ካላለፈ ነው። ከዚያ ሲያልፍ አንዱ ሌላውን እየጠበቀ ምቱ ይጎተታል። ከዚህ ከዋሽንግተን እስከ አዲስ አበባ በቀጥታ መስመር 11,500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መልእክታችንን የሚያጓጉዘው ብርሃን በመስታወት ገመድ ውስጥ በአንድ ሰከንድ የሚሄደው 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ብታካፍሉት፣ ገመዱ እንደ ቀስት ቀጥ ብሎ የተዘረጋ ቢሆን እንኳ፣ ለመሄድ ብቻ 58 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል። ገመዱ ግን ቀጥ ያለ አይደለም፤ ኮምፒዩተሩም ድምፁን ለመጠቅለልና ለመፍታት የራሱን ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ በቪዲዮ ጥሪ ላይ ከ150 ሚሊ ሰከንድ በላይ መዘግየት የተለመደ ነው። ይህ የብርሃን ፍጥነት ጉዳይ እንጂ የኩባንያ ጉዳይ አይደለም፤ ሂሳብ ጨምረን የምንፈታው አይደለም።

ይህ በሥራ ላይ ምን ይመስላል? አሠልጣኙ አዲስ አበባ ሆኖ ያጨበጭባል። ሠልጣኙ እዚህ ሆኖ የሰማውን ተከትሎ ያጨበጭባል። አሠልጣኙ ዘንድ ሲደርስ ግን ጭብጨባው ሁለት ጊዜ ዘግይቷል። «ቀድም እንጂ!» ይለዋል። ሠልጣኙ ይፈጥናል፤ አሠልጣኙ እርሱን ለማግኘት ይዘገያል፤ በስድስት ምት የሚሄደው የጎንደር እስክስታ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ወደ ለቅሶ ይጠጋል። ሁለቱም አላጠፉም። በመጨረሻ አንዱ ድምፁን ይዘጋና «አንተ ብቻህን ተጫወት፤ እኔ ላዳምጥህ» ይባላል። ይህ ለብቻ መጫወትን ለማረም ይበቃል። አብሮ መጫወትን ግን አያስተምርም፤ በእኛ ትምህርት ቤት ደግሞ ብቻውን የሚጫወት ልጅ የለም።

ሌላው ችግር የእነዚህ የጥሪ ፕሮግራሞች ጆሮ ነው። የተሠሩት ለንግግር ነው። ሰው ሲናገር ከበስተኋላ የሚሰማውን የማቀዝቀዣና የማራገቢያ ድምፅ ለይተው ያጠፋሉ፤ ሳይቆረጥ የሚቀጥለውን ድምፅ ሁሉ እንደ ማራገቢያ ይቆጥሩታል። የመሰንቆ ረዥም ድምፅ ምን ዕድል እንደሚገጥመው ገምቱ። የበገና ደግሞ የባሰ ነው። በገና ዐሥር አውታር አለው። በአውታሩና በድልድዩ መካከል እንዚራ የምንለው ትንንሽ ቆዳ ይገባል፤ ያ የሚንዘረዘረው፣ ሰውነትን የሚነካው ድምፅ የሚመጣው ከእንዚራው ነው። አባቶቻችን በጥንቃቄ የጨመሩትን ይህን ድምፅ ኮምፒዩተሩ «ጩኸት» ብሎ ሊያጸዳው ይፈልጋል። ዙም ላይ «ኦሪጂናል ሳውንድ» የሚባል፣ ይህን ማጽዳት የሚያስቀር መክፈቻ አለ። አስተማሪዎቻችን ሁሉ እንዲከፍቱት እመክራለሁ። ብዙ ይረዳል፤ ነገር ግን በስልክ ትንሽ ድምፅ ማጉያ የሚሰማ በገና አሁንም የበገና ፎቶግራፍ ነው።

የቅኝትም ነገር አለ። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ፤ አራቱን እናውቃቸዋለን። በስልክ ላይ የሚጫነው ማስተካከያ ግን የሚያውቀው የፒያኖን ልክ ብቻ ነው። አንቺሆዬን የሚያሳምረው በፒያኖ ቁልፎች መካከል የሚወድቀው ነገር ነው፤ መሣሪያው ግን ቀይ መብራት እያበራ «ተሳስተሃል» ይላል። ብቻውን የሚማር አስተማሪ መብራቱን ያምናል፤ ቀዩን አረንጓዴ እስኪያደርግ አውታሩን ያጠብቃል፤ ያንኑም ለልጆቹ ያስተምራል። ክራር ደግሞ ከዘፋኙ ድምፅ ጋር እንጂ ከማሽን ጋር አይቃኝም። በአንድ ክፍል ውስጥ ጆሮን ወደ ገበቴው አስጠግቶ «አሁን ስማው፣ አሁን ደግሞ ስማው» የሚል ሰው ያስፈልጋል።

ይህን ስናገር አንዳንዶቻችሁ «ይህ ሰው ዘመናዊውን ጠላ» ብላችሁ እንዳትፈርዱብኝ፣ ወደ ኋላ መለስ ብለን የራሳችንን ታሪክ እንይ። ትምህርትን በሩቅ የሚያደርስ ዘዴ ለእኛ አዲስ አይደለም። የቅዱስ ያሬድ ዜማ፣ ግዕዙ፣ ዕዝሉና አራራዩ፣ ለብዙ መቶ ዓመታት በቃል ሲወርድ ከቆየ በኋላ፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን (እ.ኤ.አ. ከ1540 እስከ 1559) አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የተባሉ ሊቃውንት ምልክት እንዳበጁለት ይታወቃል። ከዚያ ወዲህ ድጓው በብራና ላይ ከነምልክቱ ሊጻፍ፣ በበቅሎ ተጭኖ ከጎንደር ትግራይ፣ ከትግራይ ሸዋ ሊሄድ ቻለ። ታላቅ ሥራ ነው። ነገር ግን ምልክቱ ብቻውን ዜማ አስተምሮ አያውቅም። አንዲት ትንሽ ምልክት የምትወክለው አንድ ሙሉ የዜማ ሐረግ ነው፤ ሐረጉን አስቀድሞ በጆሮው ያልያዘ ሰው ምልክቱን ቢያይ ምንም አይሰማም። ስለዚህ ተማሪው ብራናው ቢኖረውም ቤተልሔም ድረስ በእግሩ ይሄድ ነበር፤ ዙር አባ ድረስ ይሄድ ነበር። ከመምህሩ ጉልበት ሥር ተቀምጦ፣ ተሰምቶ፣ ታርሞ፣ ሌላውን ደግሞ እርሱ አስቀጽሎ ነው ተመርቆ የሚወጣው። ታናሹን ማስቀጸል የትምህርቱ ክፍል መሆኑን ልብ በሉልኝ፤ ወደ እርሱ እመለሳለሁ። ብራናው የሚያስታውስ፣ መምህሩ የሚያስተምር ነበር። እኔ ኢንተርኔቱን የማየው እንደዚያ ብራና ነው። አላቃጥለውም፤ ሁሉንም ሥራ እንዲሠራም አልጠይቀውም።

ዓለማዊውም ሙዚቃችን ቢሆን ያው ነው። አዝማሪው ልጁን ወይም የወንድሙን ልጅ ይዞ ሰርግ ለሰርግ ይዞራል፤ ልጁ ደጋን ከመያዙ በፊት ዓመታት ያዳምጣል። እ.ኤ.አ. በ1924 ከኢየሩሳሌም የመጡት አርባዎቹ የአርመን ልጆች፣ «አርባ ልጆች» የምንላቸው፣ የነፋስ መሣሪያውን የአገራችን ሰው እንዲለምድ መንገድ ሲከፍቱም ከመጽሐፍ ጋር አብረው ራሳቸው መጥተው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነጥቤ ልምጣ። ክራር መጫወት አንድ ሙያ ነው፤ ክራር ማስተማር ሌላ ሙያ ነው። ኢንተርኔቱ ከሁለቱ የመጀመሪያውን በከፊል ያስተምራል፤ ሁለተኛውን ግን እጅግ በጥቂቱ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ትምህርት ቤታችን መጥታችሁ ታውቃላችሁ? በክፍሉ ውስጥ ዐሥራ ሁለት ክራር አለ። እያንዳንዱ ስድስት አውታር አለው። ሰባ ሁለት አውታር ማለት ነው። ሕንፃው ማሞቂያ ያለው ስለሆነ በጥር ወር ሰባ ሁለቱም ከቦታቸው ተንሸራትተው ይጠብቁናል። ለአንዱ አውታር ግማሽ ደቂቃ ብንሰጥ እንኳ ሠላሳ ስድስት ደቂቃ ነው። ሠላሳ ስድስት ደቂቃ ያለ ሥራ የተቀመጡ የሰባት ዓመት ልጆች ምን እንደሚሠሩ ለወላጅ መንገር አይገባም።

ጎበዝ አስተማሪ ይህን ጊዜ ያተርፈዋል። ግማሹን ክፍል ያስጨበጭባል፤ ትልልቆቹን ልጆች «የትንንሾቹን አንደኛ አውታር ከእኔ ጋር አስተካክሉ» ይላቸዋል፤ እየቃኘ ያዘፍናል፤ ዐይኑ ግን ከበሩ አጠገብ የተቀመጠችው ዝምተኛ ልጅ ላይ ነው። ይህን በቃል ብነግራችሁ ሦስት ዐረፍተ ነገር ነው። ለመቻል ግን ሲደረግ አጠገቡ ሆኖ ማየት፣ ከዚያም እርሱ እያየ ማድረግ ያስፈልጋል። ልጆች የሌሉበት ክፍል ውስጥ፣ ያውም በኮምፒዩተር መስኮት፣ ይህን ልማድ ማንም ለማንም አያስተላልፍም።

አንድ ማስረጃ ልጨምር። ከአስተማሪዎቻችን አንዱ፣ ትጉህና ብዙ ዜማ የሚያውቅ ወጣት፣ ክራርን ሙሉ በሙሉ የተማረው በኢንተርኔት ነው። በሐምሌው ሥልጠና ላይ አሠልጣኙ አጠገቡ ሲቀመጡ የግራ እጁን አንጓ ወደ ውስጥ አጥፎ እንደሚይዝ አዩ። አውታሮቹን ከኋላ የሚያፍነው እጅ እንዲያ ከታጠፈ ጣቶቹ ይደነዝዛሉ፤ ከዓመታት በኋላም ያማል። በሁለት ዓመት የኢንተርኔት ትምህርት ይህ አልታየም፤ ካሜራው ፊቱንና የክራሩን ፊት እንጂ ከአውታሩ ጀርባ ያለውን እጅ አያሳይምና። አሠልጣኙ እጁን በእጃቸው ይዘው ቀና አደረጉት። አምስት ደቂቃ አልፈጀም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን ልጆቹን ስናይ፣ ከእርሱ ከተማሩት አራቱ አንጓቸውን ልክ እንደ እርሱ አጥፈው ነበር። መምህር የያዘውን ልጅ ይይዛል። ስለዚህ የአንድ አስተማሪ እጅ ማቃናት የአንድ ሰው ጉዳይ አይደለም።

ሌሎችም ሕዝቦች በዚህ ደክመውበታል። በጀርመናዊው በካርል ኦርፍ መንገድ ልጆችን የሚያስተምሩ የዚህ አገር መምህራን በሦስት ደረጃ ይሠለጥናሉ፤ እያንዳንዱ ደረጃ 60 ሰዓት ያህል ነው። አብዛኛውን ጊዜም ትምህርት ቤት በተዘጋበት ወራት ሁለት ሳምንት ተሰብስበው፣ አብረው እየዘፈኑና እየተወዛወዙ ይፈጽሙታል። ጃፓናዊው ሺኒቺ ሱዙኪ ደግሞ ሕፃን ቫዮሊንን እንደ እናት ቋንቋው በመስማት ይማር ብሎ፣ ወላጅም በትምህርቱ ሰዓት አብሮ እንዲቀመጥ አደረገ። የአዝማሪውን ቤት ላወቀ ይህ አዲስ ነገር አይደለም።

ታዲያ ኢንተርኔቱ ምን ይሥራ? ብዙ ይሥራ። ከሁሉ በላይ የሠራልን የቀጥታው ጥሪ ሳይሆን ተቀድቶ የሚላከው ነው። አስተማሪዋ ልጆቹን ስታስተምር ሦስት ደቂቃ በስልኳ ታስቀርጻለች፤ የልጆቹ ፊት እንዳይታይ ስልኩ ወደ እርሷ ይዞራል። ወደ አዲስ አበባ ትልካለች። እዚያ ያሉት መምህር በተመቻቸው ሰዓት ደጋግመው አይተው፣ «ከ40ኛው ሰከንድ ጀምሮ ምቱን አፍጥነሻል፤ ልጆቹ ሳይሆኑ አንቺ ነሽ የሮጥሽው» ብለው በራሳቸው መሰንቆ አሳይተው ይመልሳሉ። እዚህ መዘግየት ምንም አይጎዳም፤ ደብዳቤ ነውና። የሰዓቱም ልዩነት አያስቸግርም። እኛ ከሥራ ገብተን ከምሽቱ 2 ሰዓት ለቀጥታ ጥሪ ስንቀመጥ፣ አዲስ አበባ እንደየወራቱ ከሌሊቱ 9 ወይም 10 ሰዓት ነው። ማንን ቀስቅሰን እንማራለን?

የቅኝቶቹ ታሪክ፣ የዘፈን ግጥም ትርጉም፣ የሰርጉና የእንቁጣጣሹ ዘፈን ከየትኛው አገር እንደመጣ፣ የዓመቱ የትምህርት ዕቅድ፣ እነዚህም በኢንተርኔት ቢሆኑ ምንም አይጎድልባቸውም። እንዲያውም ይሻላሉ። ባለፈው ሐምሌ ከስምንቱ ቀን ሁለት ቀን ተኩል ያህሉ ወንበር ላይ ተቀምጦ ንግግር በማዳመጥ ነው ያለቀው። ክራሮቹ ከግድግዳ ጋር ተደግፈው፣ መምህራኑ ማስታወሻ ሲጽፉ። አዳራሽ ተከራይቶ፣ ሰውን ከሥራው አስቀርቶ፣ ቤት ውስጥ ሊሰማ የሚችለውን ማሰማት ብክነት ነው፤ በዚህ ላይ ሐሳቡን ካቀረቡት ጋር አንድ ነኝ።

ስለዚህ ለጉባኤው የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። የሐምሌው ሥልጠና አይቅር፤ ከስምንት ቀን ወደ አምስት ቀን ይጠር። ንግግሩ ሁሉ ከሐምሌ በፊት ባሉት ወራት፣ በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ፣ ለአንድ ሰዓት በኢንተርኔት ያልቅ። አምስቱ ቀን መሣሪያ በእጅ ይዞ፣ ጠዋት እርስ በርስ ለመጫወትና ለመቃኘት፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ እውነተኛ ልጆች ባሉበት ክፍል ለማስተማር ይዋል። አንዱ ሲያስተምር ሌላው ይይ፤ ከዚያ ይለዋወጡ። ማስቀጸል ያልሁት ይህንን ነው። በኅዳርና በየካቲት አንዳንድ ቅዳሜ ይጨመር፤ ከሐምሌ እስከ ሐምሌ ዓመት ነው፣ የተቃናው አንጓ በዚያ መካከል ተመልሶ ይታጠፋል።

ወጪውንስ? ሦስት ቀን ከአዳራሹና ከማደሪያው ይቀነሳል። አሠልጣኝም የግድ ከአዲስ አበባ መምጣት የለበትም። በዚህ አገር፣ በመኪና ወይም በአውቶቡስ በሚደረስበት ከተማ፣ እድሜያቸውን በሙያው የጨረሱ ሰዎች አሉን። የቪዛ ወረፋም አያስፈልጋቸውም። የአዲስ አበባው መምህር ደግሞ በደብዳቤው መንገድ ዓመቱን ሙሉ ከእኛ ጋር ይሁኑ፤ ለድካማቸውም በየወሩ ተቆራጭ ይላክላቸው። እስከ ዛሬ በነጻ ማሠራታችን፣ በግልጽ እንነጋገርና፣ አያምርብንም።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምርና ልጨርስ። በዚህ ከተማ ሁላችንም ጋሼ እያልን የምንጠራቸው የመሰንቆ አባት አሉን። ዛሬም ከእኛ ጋር ከፊት ወንበር ተቀምጠዋል። ኮምፒዩተር አይከፍቱም፤ ስልካቸውንም የሚያነሡት ሲፈልጉ ነው። ሥልጠናው ሁሉ ወደ ኢንተርኔት ቢገባ ከእርሳቸው ጋር የሚያገናኘን መንገድ ይዘጋል። በአምስቱ ቀን ግን አጠገባቸው መቀመጥ ይቻላል። ጣታቸው አውታሩን ከጎን እንዴት እንደሚነካው፣ ደጋኑን መቼ እንደሚያቀሉት፣ ግጥም ሲቀበሉ ምቱን እንዴት እንደሚያቆዩለት ለማየት ከአንድ ክንድ በላይ መራቅ አይገባም። ጋሼ፣ ፈቃድዎ ከሆነ በዚያው ሳምንት በጥሩ ካሜራና በጥሩ ማይክሮፎን፣ ከሁለት በኩል እንቀርጽዎታለን፤ እጅዎ ከኋላም እንዲታይ። የኢንተርኔቱ መዝገብ ያን ጊዜ የሚያስታውሰው ነገር ያገኛል።

ጉባኤው ሊደረግ ሁለት ቅዳሜ ቀርቶታል። ድምፅ ከመስጠታችሁ በፊት በአንዱ ወደ ትምህርት ቤቱ ብቅ በሉ። ትምህርቱ የሚጀመረው በአገራችን አቆጣጠር ከጠዋቱ 4 ሰዓት ነው። ክራር መቃኘት የሚችል ካለ ግን በ3 ሰዓት ተኩል ይምጣልን፤ ሥራ አናሳጣውም።